ፒያኖው በርምኛ የተማረበት ክረምት

ባለፈው ዓመት እናቴን ልጠይቅ መቱ ስሄድ የአልጋዋ እግር ተሰብሮ አገኘሁትና ወደ አናጢ ቤት ወሰድኩት። አናጢው የዋንዛ ሳንቃ በውኃ እያራሰ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትግ ነበር። የእርጥብ እንጨት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው እጄ ወደ ጉንጬ ሄደ።

«ምነው፣ ጥርስሽን ነው?» አለኝ አናጢው።

ጥርሴን አልነበረም። ዶክተር ኪን ትዝ ብላኝ ነው።

ያኔ አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ሰኔ ላይ ለሆስፒታሉ የውጭ አገር ሐኪም መጣች ተባለ። ሳምንትም ሳይሞላ ሐኪሟ እኛ ግቢ ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ቤት ተከራየች። ከተማው ወዲያው «ቻይናዋ ዶክተር» አላት። አባቴ ግን መሥሪያ ቤት ሰምቶ ስለነበር እውነተኛውን ያውቃል ብዬ ጠየቅኩት።

«አባባ፣ ከየት ነው የመጣችው?»

«በርማ።»

«እሱማ በበር ነው የገባችው፤ አገሯ የት ነው?»

«አገሯ ነው በርማ!»

በርማ የአገር ስም መሆኑ ከገባኝ በኋላ እንኳ ያ አገር በር ብቻ ያለበት፣ ግድግዳ የሌለው ሆኖ ነበር የሚታየኝ። ሰው በአንዱ በር ወጥቶ በሌላው ሲገባ፣ ሲገባ፣ መጨረሻ ላይ መቱ የሚደርስ።

በነጋታው ጠዋት ሁለት ጉንጮቿ ላይ ቢጫ ክብ ለጥፋ ከቤቷ ወጣች። እናቴ ልብስ የምታሰጣበትን ገመድ ለቃ፣ «ውይ! ሐኪሟ ራሷ ታማ ነው እንዴ የመጣችው?» አለች። ነገሩ በሽታ አልነበረም። ዶክተር ኪን ጉማጅ እንጨት ነበራት፤ ቅርፊቱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በውኃ ትፈትገውና እንደ እንሶስላ ያለ ሊጥ መሳይ ነገር ይወጣዋል። እኔንም አንድ ቀን ጉንጬን ቀባችኝ። ቀዝቃዛ ነው፤ ሽታው ዝናብ የመታው ጫካ ይመስላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ለፀሐይ» አለችኝ። መቱ ላይ፣ በሐምሌ! ፀሐይን ካየን ወር ሆኖን ነበርና እንድትወጣ የሚለመንበት ቅባት መሰለኝ።

አማርኛዋን የተማረችው ከሕመምተኞች ነው። ስለዚህ ሰላምታዋ «የት ያምሻል?» ነበር። እናቴ ዳቦ ስትወስድላት ተቀብላ እየሳቀች «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ትላለች። አንቱና አንተን አትለይም፤ የሆስፒታሉን ኃላፊ «አንተ» ብላ የጥበቃውን ውሻ «እርስዎ» ማለቷ ከተማውን ሲያስቅ ከርሟል። እናቴ «እርስዎ በያት» ብላ ብትቆጣኝም እኔና እሷ «አንቺ» እንደተባባልን ቀረን። አማርኛው ሲያልቅባት እንግሊዝኛ ትጨምራለች፤ የኔ እንግሊዝኛ ሲያልቅ ደግሞ በእጃችን እናወራለን።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ፤ ዶክተር ኪንም ቴፗን በረንዳ ላይ አውጥታ ካሴት ከፈተች። መጀመሪያ የተሰማው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ የመሰለ ነገር ነው። ከዚያ አንዲት ሴት በቀጭኑ መዝፈን ጀመረች። ዶክተር ኪን ከሻንጣዋ ፎቶ አምጥታ አሳየችን፤ አንገቱ ወደ ላይ የተቆለመመ ጀልባ የሚመስል፣ ክሮች የተወጠሩበት መሣሪያ ነው። ሴትየዋ ጭኗ ላይ አስተኝታው እንደ ሕፃን አቅፋዋለች።

አባቴ የወሎ ሰው ልጅ ነው፤ ቅኝት አውቃለሁ ባይ። ጆሮውን አቁሞ ቆየና «ይሄማ ባቲ ነው!» አለ።

«አንተ ደግሞ፤ ባቲ ወሎ ነው፣ ይሄ በርማ ነው» አለች እናቴ።

«ቅኝቱን ነው የምልሽ። ስሚ!» ብሎ አብሮ ማንጎራጎር ጀመረ። ጥቂት አብሮ ከሄደ በኋላ ዜማው ወደማያውቀው መንገድ ታጠፈና ጥሎት ሄደ። አባቴ አፉን እንደከፈተ ቀረ። «ባቲ ሆኖ ጀምሮ ምን ነካው?» አለ ቅር ብሎት።

ሌላኛው ፎቶ እኔን አስጨነቀኝ። ወርቅ የተቀባ ክብ አጥር አለ፤ መካከሉ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ከትከሻው በላይ ብቻ ነው የሚታየው። «ምን አድርጎ ነው ያሰሩት?» ብዬ ጠየቅኩ። ዶክተር ኪን እስኪያስላት ሳቀች። ሰውየው እስረኛ ሳይሆን ከበሮ መቺ ነው። በአጥሩ ውስጥ ዙሪያውን ከበሮዎች ተሰቅለዋል፤ ከትልቅ እስከ ትንሽ፤ እያንዳንዱ የየራሱ ድምፅ አለው፤ ሰውየው እየዞረ ዜማ ያወጣባቸዋል። ድምፃቸውን የሚያስተካክለውም የተቀቀለ ሩዝ ከአመድ ጋር ለውሶ ቆዳቸው ላይ በመለጠፍ ነው።

«ከበሮ ሩዝ ይበላል?» አለች እናቴ። «ስንቱ ሰው ጦሙን እያደረ!»

ከዚያ ካሴቱ ተገለበጠ። በሌላው ገጽ የነበረው ፒያኖ ነው።

ፒያኖ አውቃለሁ። እናቴ የምትሄድበት ቤተክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ጥንት ሚሲዮኖች ትተውት የሄዱ አሮጌ ፒያኖ ነበር፤ የመዘምራኑ መሪ ጋሼ ቶለሳ ደግሞ መምህሬ ነበሩ። ጋሼ ቶለሳ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው፦ ግራ እጅ ወለል ነው፣ ቀኝ እጅ ወለሉ ላይ የሚሄደው ሰው። ወለል አይነቃነቅም። በካሴቱ ላይ ያለው ግን ወለል የሚባል ነገር አልነበረውም። ሁለቱ እጆች እየተሯሯጡ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየነጠቀ፣ አንዴ እንደዚያ ክብ ከበሮ፣ አንዴ እንደ ጀልባው ክር ይሆናሉ። ሁለት ሰዎች የተጣሉበት መሰለኝ። ቆይቶ ግን እንዳልተጣሉ ገባኝ፤ አንድ ወሬ ለሁለት እያወሩ ነው።

ዶክተር ኪን ነገሩን አስረዳችኝ። ፒያኖ አገሯ የገባው ከውጭ ሰዎች ጋር ነው። የአገሯ ሙዚቀኞች ግን የውጭውን ዘፈን ተምረው አልቆሙም። ከበሮውንና ክሩን እያሰቡ የራሳቸውን ዜማ ይመቱበት ጀመር። «ፒያኖው በርምኛ ተማረ» አለችኝ። አባቷ በወጣትነቱ ሲኒማ ቤት ውስጥ ድምፅ የሌለው ፊልም ሲታይ ፒያኖ ይመታ ነበር። ይህንን ስሰማ፣ ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ድምፃቸው ጠፍቶባቸው አባቷ የሚያክማቸው መሰለኝ። ሐኪምነቱን ከእሱ ነው የወረሰችው ብዬ ደመደምኩ።

«እኛም ጋ ፒያኖ አለ» አልኳት።

ፎቶዎቹን ወደ ሻንጣው እየመለሰች ነበር። እጇ ቆመ። «እዚህ? መቱ?»

አለ፤ ግን ተቆልፏል። ቁልፉ ጋሼ ቶለሳ ዘንድ ነው፤ ጋሼ ቶለሳ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ጭቃ አዳልጧቸው ወድቀው ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ላይ ተሰብሯል። ጄሶው ሲፈታ ሁለት ጣቶች ብቻ እሺ አሉ፤ የቀሩት እንደ ደረቀ ጭራሮ ተገትረው ቀሩ። ሆስፒታል ሲመላለሱ የቆዩት ራሷ ዶክተር ኪን ዘንድ መሆኑን ያወቅነው ያን ዕለት ነው። የጎማ ኳስ እየጨበጡ እንዲያለማምዱት ብትሰጣቸው ኳሱን ለጎረቤት ልጅ ሰጥተውታል። ለእናቴም ቤተክርስቲያን በር ላይ «ሃርኪ ኮ ዱኤ» ብለዋታል፤ እጄ ሞተ ማለታቸው ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ የላቸውም። ሕይወታቸው ያ አዳራሽ ነበር። አሁን ቤተክርስቲያኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኪቦርድ አዝዞ፣ የሚመታውን ወጣት ከበደሌ ሊያስመጣ ነው ይባላል። የኔም ትምህርት ተቋረጠ።

እኔና ዶክተር ኪን ቤታቸው ስንደርስ ጋሼ ቶለሳ ካፖርታቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ዝናቡን እያዩ ተቀምጠዋል።

«ቶለሳ! የት ያምሃል?» አለች ዶክተር ኪን።

ፊታቸው ተለወጠ። የመዘምራኑን መሪ፣ በስልሳ ዓመታቸው፣ በልጅ ፊት! እኔ መሬት በዋጠኝ ስል፣ እሷ ግን ቀጠለች፤ «ፒያኖ ክፈት። እባክህ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ልታደርግበት ነው? ለዳንኪራ ከሆነ አይሆንም በያት።»

«ዳንኪራ አይደለም ጋሼ። የአገሯ ነው። ወለል የለውም።»

«ምን ማለት ነው ወለል የለውም?»

ማስረዳት አቃተኝ። ጋሼ ቶለሳ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ለእሷ ሊሰጡ ግን አይደለም፤ ፒያኖውን ሊጠብቁ አብረውን መጡ።

አዳራሹ የሌሊት ወፍና የሻጋታ ሽታ አለው። ዶክተር ኪን ክዳኑን ከፍታ አንዱን ቁልፍ ስትጫነው ተጣብቆ ቀረ። ጎንበስ ብላ «እርስዎን የት ያምዎታል?» አለችው ፒያኖውን። ጋሼ ቶለሳ ሳቃቸውን ለመዋጥ ሳሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ነካካቻቸው። እርጥበቱ የክሮቹን ድምፅ አላልቶታል፤ አንዳንዱ ዝቅ፣ አንዳንዱ መሃል ላይ ተንሳፍፎ ቀርቷል። ጋሼ ቶለሳ አፈሩ፤ «ካስተካከልነው ብዙ ዓመት ሆኖናል» አሉ። እሷ ግን ጭራሽ ደስ አላት። አገሯ ውስጥ አንዳንድ ፒያኖዎችን ሆን ብለው ለዜማቸው እንዲስማሙ እንደሚያላሏቸው ነገረችን። «ይሄ ራሱን ችሎ፣ ብቻውን፣ ግማሽ መንገድ መጥቷል» አለች።

መምታት ጀመረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሷም በመሃሉ ድምፁን እየጠበቀች ትገባለች። እጆቿን አየኋቸው፤ በአንድ ጊዜ አብረው የሚወርዱት ጥቂት ነው። ቀኙ ይላል፤ ግራው ይመልሳል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት ብቻ ነው የሚሠራው።

ጨርሳ ስትዞር ጋሼ ቶለሳ ከአጠገቧ ቆመዋል። ሲመጡ አልሰማናቸውም። «ስህተት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ድገሚው በያት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ ተረኛ ካላደረጋት በቀር ዶክተር ኪን ከሥራ ስትወጣ ሦስታችን አዳራሹ ውስጥ እንገናኝ ጀመር። ለጋሼ ቶለሳ ያ የጎማ ኳስ የማይረባ ነገር ነበር፤ ፒያኖው ግን ፒያኖ ነው። እሷ ከጎናቸው ተቀምጣ ራጅ ክፍል የተማረችውን ቃል ትጠቀማለች፦ «ተንፍስ። ያዝ። ልቀቅ።» እሳቸው ይተነፍሳሉ፤ በቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ይይዛሉ፤ ይለቃሉ፤ ግራው ይመልሳል። እኔም ከላይኛው ጫፍ ቆሜ ያንኑ እሞክራለሁ። መጀመሪያ መዝሙር ሞከሩ። አልሆነም። መዝሙሩ ወለሉን ይፈልጋል፤ ወለሉ ሲነሳበት ይንገዳገዳል። ተናደዱ፤ ክዳኑን ዘግተው የወጡበት ቀንም አለ።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቀን ዶክተር ኪን ዘገየች። እኔና ጋሼ ቶለሳ ብቻችንን ነን። በቀኝ ሁለት ጣታቸው አንድ ነገር ነካ ነካ አደረጉ፤ አጭር ነው፤ ጥያቄ ይመስላል። ግራው መለሰ። ደገሙት። ትከሻቸው ይወዛወዝ ጀመር። መዝሙር አይደለም፤ የዶክተር ኪንም አይደለም። እጃቸው በድንገት ቆመ፤ አንድ ሰው የጠራቸው ይመስል ወደ ኋላ ዞረው ባዶውን አዳራሽ አዩ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«የእናቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ አገር፣ ዳሪሙ፣ በክረምት፣ በቆሎ ስንኮተኩት ደቦ ይጠራል። እሷ ታወጣለች፤ ሰዉ ይቀበላል።»

ቆይተው ነገሩኝ። እንደ እኔ ልጅ ሳሉ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደገቡ፣ ይሄንኑ ዘፈን እዚሁ ፒያኖ ላይ ሞክረውት ነበር። የውጭ አገሩ መምህር ሰሟቸው። «አልመቱኝም። አልተቆጡኝም። ክዳኑን በዝግታ ዘጉትና 'ይሄ ሳጥን ያንን አያውቅም' አሉኝ። እኔም አመንኳቸው።» ሁለቱን ጣቶቻቸውን አዩዋቸው። «ይሄን ሁሉ ዓመት አመንኳቸው።»

ዶክተር ኪን ስትደርስ እንደገና ተመታላት። ከጎናቸው ተቀመጠችና ልክ ካሴቱ ላይ እንደሰማነው፣ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ትንንሽ ጠብታዎች ጨመረችበት። የዳሪሙ በቆሎ ማሳና የዶክተር ኪን አገር እዚያች ጠባብ አግዳሚ ላይ ተጋፍተው ተቀመጡ። እኔ ከሁሉ የገረመኝ አለመጣላታቸው ነው።

ወሬው ግን ወጣ። ከቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑት አቶ ገመዳ አንድ እሑድ ጋሼ ቶለሳን በረንዳው ላይ አስቆሟቸው። እኔና እናቴ አጠገባቸው ነበርን።

«ቶለሳ፣ ያ የማሳ ዘፈን በጌታ ቤት አይገባም።»

«ማሳውስ የማን ነው ገመዳ?»

አቶ ገመዳ በእጃቸው የአዳራሹን በር አሳዩ። «እጅህ ታሟል፤ አዝነንልሃል። ሐዘናችን ግን ሥርዓት አያፈርስም። ኪቦርዱ ሲመጣ ቁልፉን ታስረክባለህ። የቻይናዋም ነገር ይብቃ።»

«በርማ ነው» አልኩ ሳላስበው። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ያን ሳምንት ጋሼ ቶለሳ አዳራሹን አልከፈቱም። ቤታቸው ሄድን፤ ደጃፉ ላይም አልነበሩም። ዶክተር ኪን መዝጊያውን አንኳኩታ ጠበቀች። የሆስፒታሉ ውሏ ማለቁ ነው፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ትሄዳለች። ይሄንን እኔም የሰማሁት እዚያው፣ በተዘጋው መዝጊያ በኩል ለእሳቸው ስትነግራቸው ነው። እንጨቱን እያየች «ቶለሳ፣ እጅ አልሞተም። እኔ ሐኪም ነኝ። አውቃለሁ» አለች። መዝጊያው አልተከፈተም። መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ፤ እሷም እጄን ያዘችኝ።

የስንብቱ ዝግጅት ቅዳሜ ዋለ። ሆስፒታሉ በቂ ክፍል ስላልነበረው አዳራሹን ተዋሰ። አምልኮ ስላልሆነ፣ መዝሙርም ስላልተያዘ፣ አቶ ገመዳ አልተቃወሙም፤ ቤተክርስቲያኑን ወክለው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። የገበያ ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች እንስራቸውንና ቅርጫታቸውን ይዘው የአዳራሹ በረንዳ ላይ ተጠለሉ። ኃላፊው ንግግር አደረገ፤ ለዶክተር ኪን ጋቢ ተሰጣት፤ ለስላሳ ተከፈተ። እኔ ሰዉን እቆጥራለሁ፤ ጋሼ ቶለሳ የሉም።

ኬኩ ሲቆረስ መጡ። ካፖርታቸው ውኃ ያንጠባጥባል። ማንንም ሰላም ሳይሉ በመካከላችን አልፈው ፒያኖው ላይ ተቀመጡ። ክዳኑን ራሳቸው ከፈቱት። አቶ ገመዳ በወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

ጋሼ ቶለሳ ተነፈሱ። በሁለት ጣታቸው ጠየቁ። ግራው መለሰ። እንደገና ጠየቁ፤ አሁን ትንሽ ፈጠን ብለው። ትከሻቸው ተፈታ። ሦስተኛ ጊዜ ጠይቀው ግራ እጃቸው ሊመልስ ሲል ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

ከሁሩሙ ማር ልትሸጥ የመጣች ሴት ነበረች፤ ነጠላዋ በራሷ ላይ ተጣብቋል። መልሱን በአፏ መለሰችው። አውቃ አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመልስ ኖራ ስለሆነ ብቻ አመለጣት። ወዲያው ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጋሼ ቶለሳ አልዞሩም። ደግመው ጠየቁ። ግራ እጃቸውን ግን ከፒያኖው አንስተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና ጠበቁ።

አቶ ገመዳ ተነሡ። ወደ በረንዳው ሄዱ፤ ሴትየዋን ሊያባርሯት ነው ብዬ ወንበሬን ጨብጬ ያዝኩ። ፊቷ ሲደርሱ የማር ዕቃዋን ከእጇ ተቀብለው፣ «ኮቱ፣ ሴኒ፤ ነይ ግቢ፤ ዝናብ ላይ ቆመሽ አይሆንም» አሏት። ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት። ጋሼ ቶለሳ ሲጠይቁ አሁን የሚመልሰው አንድ ድምፅ አልነበረም፤ በረንዳው በሙሉ ነው። ከሆስፒታሉ ሠራተኞችም፣ ከመዘምራኑም የዳሪሙና የሁሩሙ ልጆች ነበሩና ተቀበሉ። እናቴም ስትቀበል አየኋት። እናቴ ያንን ዘፈን እንደምታውቀው አላውቅም ነበር።

ዶክተር ኪን ልትሄድ ተነሥታ ነበር፤ ዕቃዋ ታስሯል፤ መኪናው ማለዳ ይነሣል። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«'ገና ነው' ነው የሚሉት» አልኳት። «'ማሳው አላለቀም፤ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ።'»

«እሺ» አለች በአማርኛ። ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለችና ተመልሳ ተቀመጠች።